ፍቆ ማስተላለፍ፦ ከሴንት ፖል እስከ ምናለሽ ተራ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሴንት ፖል ከተማ፣ በሚኒሃሃ ጎዳና፣ ለጦር ሠራዊቱ ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ይሠሩበት የነበረ ሰፊ ፋብሪካ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ አውሮፕላኖቹን የሚፈልግ ጠፋ፤ የድርጅቱ ባለቤት ጆን ፓርከርም ባዶ አዳራሽ ታቅፎ ቀረ። በዚያው ሰሞን በዋሽንግተን የጠላትን የምስጢር መልእክት ሲፈቱ የከረሙ የባሕር ኃይል መሐንዲሶችና የሒሳብ ሊቃውንት ወደየቤታቸው ሊበተኑ ነበር። ባሕር ኃይሉ እውቀቱም አብሮ እንዳይበተን ሠጋ። ፓርከር አዳራሹን፣ መሐንዲሶቹ እውቀታቸውን፣ ባሕር ኃይሉ ኮንትራቱን አዋጡና እ.ኤ.አ. በ1946 መጀመሪያ ኢንጂነሪንግ ሪሰርች አሶሺዬትስ የተሰኘው ኩባንያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ በኋላ ኮንትሮል ዳታን የመሠረተው ዊሊያም ኖሪስ ነበር።

ኩባንያው ከሠራቸው ነገሮች ዘመን የተሻገረው የማግኔት ከበሮ ነው። ማግኔታዊ ሽፋን ያለው ሲሊንደር በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ገጹን ሳይነኩ በጣም ተጠግተው የተደረደሩ ትናንሽ ራሶች በየነጥቡ ይጽፋሉ፣ ያነብባሉ። በ1950 መጨረሻ ለምስጢር ፈቺዎቹ የተላከው «አትላስ» የተባለ ኮምፒውተር በከበሮው ላይ 16,384 ቃላት ይይዝ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል 24 ቢት ነው። በዛሬ ስሌት ጠቅላላው 50 ኪሎባይት አይሞላም። የማሽኑ የገበያ ስም 1101 ሲሆን፣ ይህም በሁለትዮሽ አቆጣጠር 13 ማለት ነው፤ ሥራው በባሕር ኃይሉ መዝገብ ላይ 13ኛው ተግባር ተብሎ ይጠራ ስለነበር መሐንዲሶቹ የምስጢሩን ቁጥር በአደባባይ ደብቀው አወጡት።

ከዚያ በፊት የቢሮ መረጃ የሚቀመጠው በተበሳ ካርድ ላይ ነበር። የተበሳ ካርድ ተመልሶ አይደፈንም፤ መረጃውን ማጥፋት የፈለገ ሰው ካርዱን ያቃጥላል። ማግኔት ግን አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ሲያርፍ አሮጌውን ይተካዋል። ስለዚህ በዚህ ቴክኖሎጂ መጻፍና ማጥፋት ከመነሻው አንድ ድርጊት ነበሩ። አስገራሚው ነገር ከዚህ የጀመረው ሰባ ዓመት የተሻገረ ታሪክ በአብዛኛው የጥርጣሬ ታሪክ መሆኑ ነው። ማጥፋት እየረከሰ ሲሄድ፣ «ጠፍቷል» ብሎ ማመን እየተወደደ ሄደ። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚከፍሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን የጣሉት ሰዎች አይደሉም፤ ስማቸው በውስጡ የተጻፈ ሰዎችና ያገለገለ ኮምፒውተር የሚጠብቁ ድሆች ናቸው።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ጥርጣሬ እንግዳ አይደለም። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ርቆ፣ በኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ቅጂ ይዟል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዐሥርት ዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁት እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎችን ካታሎግ ያገላበጠ ሰው አንድ ማስታወሻ ደጋግሞ ያጋጥመዋል፦ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቋል፣ በቦታው የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። መጽሐፍ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ወይም ሲሰረቅ «ዝንቱ መጽሐፍ ዘ…» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስም በምላጭ መፋቅ የተለመደ ነበር። ብራናው ውድ ስለሆነ አይቃጠልም፤ ይፋቃል፣ ይተላለፋል። የተፋቀው ቦታ ግን ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ መፋቁን ማንም ያያል፣ ዓይኑ የሠላ ሰውም አንዳንዴ የቀደመውን ስም ያነብባል። ሃርድ ዲስክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተፋቀውም ያልተፋቀውም ዲስክ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው።

ወደ መንታዎቹ ከተሞች እንመለስ። የከበሮው ኩባንያ በ1952 ለሬሚንግተን ራንድ ተሸጠ። ኖሪስና ጓዶቹ በ1957 ወጥተው በሚኒያፖሊስ ኮንትሮል ዳታን አቋቋሙ። ኮንትሮል ዳታ በሲሞር ክሬይ ታላላቅ ማሽኖች ስሙ ቢነሣም ለሌሎች ኮምፒውተር ሠሪዎች ዲስክ በመሸጥም እንጀራውን ያገኝ ነበር። በ1975 ከሌላው የሚኒያፖሊስ ድርጅት ከሃኒዌል ጋር ማግኔቲክ ፔሪፈራልስ የተሰኘ የጋራ ኩባንያ መሠረተ፤ የዲስኩ ክፍል በመጨረሻ ኢምፕሪሚስ ተብሎ በ1989 ለካሊፎርኒያው ሲጌት ተሸጠ። ሲጌት እስከ ዛሬ በብሉሚንግተን የሚያነብቡትንና የሚጽፉትን ራሶች ያመርታል። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ሲጌት ዲስክ ዘሩ ቢቆጠር ከዚያ የተንሸራታች አውሮፕላን አዳራሽ ይደርሳል።

ማጥፋት እንዴት ከማግኔት ላይ ከሚሆን ድርጊት ወደ ስም ብቻ እንደተለወጠ የሚያስረዳው የግል ኮምፒውተር ዘመን ነው። ዲስክ ቀርፋፋና ውድ በነበረበት ጊዜ አንድን ፋይል ለማጥፋት ሁሉንም ቦታ መልሶ መጻፍ ብክነት ነበር። ስለዚህ የማይክሮሶፍት ዶስ በማውጫው ላይ የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደል በልዩ ምልክት ተክቶ ቦታው ነፃ እንደሆነ ብቻ ይመዘግብ ነበር። ይዘቱ እዚያው ተኝቷል። በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ሣጥን ውስጥ ያለውን ካርድ ቀዶ መጽሐፉን በመደርደሪያው ላይ እንደመተው ያለ ነው። ዲስኩን በሙሉ «ፎርማት» ማድረግም በብዙ ሥርዓቶች ከዚህ የተሻለ ሥራ አይሠራም ነበር። ውሳኔው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ተጠቃሚው ፍጥነት አገኘ፣ በስሕተት የሰረዘውንም መመለስ ቻለ። ስሙ ግን አሳሳተ። «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ የተጫነ ሰው የሠረዘ ይመስለዋል።

የዚህን መሳሳት ስፋት የለኩት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ተማሪዎች የነበሩት ሲምሰን ጋርፊንከልና አብሂ ሼላት ናቸው። ከ2000 መጨረሻ እስከ 2002 አጋማሽ ድረስ 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዙ፤ 129ኙ ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ በሚገባ የጸዱት 12 ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀሩት ውስጥ የሕክምና ደብዳቤዎች፣ የፍቅር መልእክቶች፣ ከ5 ሺህ በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ነበሩ፤ አንዱ ዲስክ ከነሒሳብ ዝርዝሩ ከገንዘብ መክፈያ ማሽን የወጣ ነበር። በ2003 ጥናቱ ሲታተም ዋናው ትምህርት ሰዎች ግድ የለሽ ናቸው የሚል አልነበረም። ብዙዎቹ ሻጮች ለማጥፋት ሞክረው ነበር፤ የሞከሩት መሣሪያ ግን ያጠፋ መስሎ አላጠፋም።

የሥላሳ አምስቱ ዙር

በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ሌላ ስሕተት እየበቀለ ነበር። በ1996 የኒው ዚላንዱ ተመራማሪ ፒተር ጉትማን በማግኔት ላይ ያለ መረጃ በላዩ ከተጻፈበት በኋላም በረቂቅ ማይክሮስኮፕ ዱካው ሊገኝ ይችል እንደሆነ የሚመረምር ጽሑፍ አቀረበ። በዘመኑ የነበሩትን የተለያዩ የዲስክ አጻጻፍ ስልቶች ሁሉ ለመሸፈን 35 የመደምሰሻ ቅደም ተከተሎችን ዘረዘረ። ማንም አንድ ዲስክ ላይ ሠላሳ አምስቱንም እንዲያካሂድ አላለም፤ አንድ ዲስክ የሚጠቀመው አንድ ስልት ነውና። የፕሮግራም ሠሪዎችና የቢሮ ኃላፊዎች ግን ቁጥሩን ብቻ ይዘው ሄዱ። «35 ጊዜ» የደኅንነት ምልክት ሆነ። ጉትማን ራሱ በኋላ ባከለው ማስታወሻ ሰዎች ሥራውን እንደ አስማት ድግምት ይዘውታል ብሎ አዘነ። ንጽጽሩን የሚረዳው አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ ትርጉሙን የማያውቁት ጸሎት በተደጋገመ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል የሚል እምነት በክታብ ጸሐፊዎች ደጅ ብቻ አይኖርም።

የዚህ እምነት ዋጋ በሰዓት ይሰላል። አንድ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጽፍ አንድ ዙር ከ7 ሰዓት ተኩል ያነሰ ይወስዳል፤ ማታ አስጀምሮ ጠዋት መምጣት ነው። 35 ዙር ግን ከ10 ቀን በላይ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ሃያ ኮምፒውተር ሊያጸዳ ተቀምጦ መመሪያው ሠላሳ አምስት ዙር ካለው ሥራውን ይተወዋል፤ ወይም ኮምፒውተሩን ሳያጸዳ ያሳልፋል፣ ወይም በመዶሻ ይሰባብረዋል። ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ግድ የለሽነትን ወለደ ማለት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2006 ያወጣውን መመሪያ በ2014 ሲያሻሽል ለማግኔት ዲስክ አንድ ዙር ዜሮ መጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በላቀ ቤተ ሙከራ እንኳ መረጃውን እንዳይመለስ ለማድረግ በቂ እንደሆነ በግልጽ ጻፈ። መሣሪያውም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት ቅጂ ምርምር ማዕከል ውስጥ ጎርደን ሂዩዝ የሠሩበት ትእዛዝ ከ2001 ገደማ ጀምሮ በአብዛኞቹ ዲስኮች ውስጥ ተገንብቷል፤ ዲስኩ ራሱን፣ ተጠቃሚው የማይደርስባቸውን የተበላሹ ቦታዎች ጭምር፣ እንዲደመስስ የሚያዝ ነው። ብዙ የኮምፒውተር ሠሪዎች ግን ተንኮለኛ ፕሮግራም ትእዛዙን ይጠቀምበታል በሚል ስጋት ማሽኑ ሲነሣ እንዲቆለፍ አደረጉ። ማጥፊያው በየዲስኩ ውስጥ አለ፤ ባለቤቱ አያውቀውም፣ ቢያውቅም በሩ ተዘግቶበታል።

ኤስኤስዲ የተባለው አዲሱ የማከማቻ ዓይነት ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። በዚህ ዓይነቱ ዲስክ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ መረጃውን በየጊዜው ከቦታ ቦታ ስለሚያዛውር በላዩ የጻፉ መስሏቸው ሌላ ቦታ ይጽፋሉ። በዚያው በሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ በ2011 የወጣ ጥናት አንዳንድ አምራቾች የገነቡት የማጥፊያ ትእዛዝ በትክክል እንደማይሠራ አሳየ፤ አንዱ ዲስክ ማጥፋቱን አረጋግጦ ሪፖርት ሲያደርግ መረጃው እንዳለ ተገኝቷል። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ምስጠራ ነው። ሲጌት በ2000ዎቹ ያስተዋወቀው ዓይነት ዲስክ የሚጽፈውን ሁሉ ከመጀመሪያው በቁልፍ ይመሰጥራል፤ ለማጥፋት ቁልፉን መደምሰስ ይበቃል፣ ይህም ከአንድ ሰከንድ በታች ይፈጃል። የምስጢር ፈቺዎች ልጅ የሆነው ኢንዱስትሪ ለመርሳት ያገኘው ዘዴ ምስጢር ማሠር መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው። በ2018 ደግሞ የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታወቁ አምራቾች ኤስኤስዲዎች ላይ ይህ ምስጠራ ያለ ይለፍ ቃል ሊከፈት እንደሚችል አሳዩ። ጥርጣሬው ከዲስኩ ገጽ ወደ አምራቹ ቃል ተዛወረ።

ለምን ይሰባበራል?

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ሲተነትን ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩው ዕቃ ከገበያ ይወጣል ብሎ ነበር። የዲስክ ማጽዳት ከዚህም ይብሳል። መኪናውን ገዢው ሲነዳው ጉዱን ያውቃል። ማጽዳትን የገዛ ድርጅት ግን አገልግሎቱን ካገኘ በኋላም ማግኘቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ፣ መረጃው በሌላ ሰው እጅ ሲገኝ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ኃላፊዎች የሚገዙት ማጽዳትን ሳይሆን በዓይን የሚታይ ነገርን ነው። ከተፈጨ ብረት የበለጠ የሚታይ ነገር የለም።

ይህን ዝንባሌ ያጠነከረው የሞርጋን ስታንሊ ጉዳይ ነው። ባንኩ የመረጃ ማዕከሎቹን ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችንና ሰርቨሮችን እንዲያስወግድለት የቀጠረው በመረጃ ማጥፋት ልምድ ያልነበረው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር፤ ዕቃዎቹ ዞረው ዞረው ከነመረጃቸው በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። የባንክ ተቆጣጣሪው በ2020 60 ሚሊዮን ዶላር፣ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው በ2022 35 ሚሊዮን ዶላር ቀጡት፤ የኋለኛው ጉዳዩ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን እንደሚነካ ገለጸ። ከዚህ በኋላ በየትኛውም ትልቅ መሥሪያ ቤት ያለ የሕግ አማካሪ ምን እንደሚመክር መገመት አያስቸግርም። ኃላፊው ዲስኩ ተፈጭቶ ኮምፒውተሩ ዋጋ ቢያጣ ማንም አይጠይቀውም፤ ዲስኩ ሳይፈጭ መረጃ ቢወጣ ግን ሥራውን ያጣል። ጥፋቱ በእርሱ ላይ፣ ጥቅሙ በሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ምርጫው አስቀድሞ የታወቀ ነው።

የሚኒሶታ ሕግም ሳያስበው ወደዚያው ገፍቷል። ግዛቲቱ በ2007 የኤሌክትሮኒክስ መልሶ አጠቃቀም ሕግ አውጥታ አምራቾች የአሮጌ ዕቃ ማሰባሰብን ወጪ እንዲሸፍኑ ስታስገድድ በአገሪቱ ከቀደሙት አንዷ ነበረች። ግዴታው የሚለካው በክብደት ነው። በትርጓሜው አንቀጽ ግን ዕቃውን ጠግኖ በነበረበት መልኩ ወደ ቤተሰብ መመለስ ከ«መልሶ ማምረት» አይቆጠርም። ተፈጭቶ ብረቱ የተለየ ኮምፒውተር ለአምራቹ ክብደት ያስቆጥራል፤ ታጥቦ ለተማሪ የተሰጠ ኮምፒውተር አያስቆጥርም። የሚሠራ ዕቃ ገበያ ራሱ ያሰራጨዋል ሊባል ይችል ነበር። ገበያው ግን ዲስኩን ፈርቶታል።

በዚህ መካከል በፍርሃቱ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። በ1998 በማንካቶ ተጀምሮ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱን በሴንት ፖል ያደረገው ፒሲስ ፎር ፒፕል ከድርጅቶች የሚያገኛቸውን ኮምፒውተሮች ዲስካቸውን አጽድቶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ያከፋፍላል። እንዲህ ያለው ድርጅት ከኮምፒውተሩ እኩል የሚያመርተው የምስክር ወረቀት ነው፦ የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ የተጸዳበት ስልት፣ ቀኑ፣ የሠራተኛው ፊርማ። ሰጪው ድርጅት የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ተቀባዩ ልጅ የሚፈልገው ኮምፒውተሩን። ወረቀቱ ከሌለ ሁለተኛው አይገኝም።

ስማቸው በውስጡ ያለ

እስካሁን የተነገረው ትልልቅ ድርጅቶችን ነው። በስኔሊንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች፣ በሴዳር ሪቨርሳይድ፣ በብሩክሊን ፓርክ ያሉት የኢትዮጵያውያን ቢሮዎች ግን በሌላ ዓለም ይኖራሉ። የግብር ቅጽ ሞይ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ፣ እድር፣ የማኅበረሰብ ማኅበር፦ እያንዳንዱ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የብዙ መቶ ሰዎችን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ የሕክምና ማስታወሻ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ ይዟል። ሕጉ ከፊሉን ይደርስበታል። የእንክብካቤ ኤጀንሲው በፌዴራሉ የጤና መረጃ ሕግ፣ የግብር ሠራተኛው በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ይያዛሉ። የሚኒሶታ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ይፋ ያልሆነ መረጃን ሲያስወግዱ ይዘቱ እንዳይታወቅ አድርገው እንዲያጠፉ በግዛቲቱ የመረጃ አያያዝ ሕግ ታዘዋል። በ2025 ሥራ ላይ የዋለው የግዛቲቱ የሸማቾች መረጃ ሕግ ግን በአመዛኙ የ100 ሺህ ሰዎችንና ከዚያ በላይ መረጃ የሚይዙትን ይመለከታል። እድሩና ማኅበሩ ከዚህ ሁሉ ወንፊት በታች ይወድቃሉ።

አደጋው ከሁሉ የሚከፋው በጥገኝነት ማመልከቻ ላይ ነው። የአሜሪካ ደንብ መንግሥት የአመልካቹን ማንነትና ታሪክ ያለ ፈቃዱ ለውጭ ወገን እንዳይገልጥ ይከለክላል፤ የዚህ ዋና ምክንያት መረጃው ወደ ሸሸበት አገር እንዳይደርስ ነው። ደንቡ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ቅጹን የተረጎመለትን የማኅበር ጸሐፊ፣ ምስክርነቱን የጻፈለትን ቄስ አያስርም። በዚያ ቅጽ ላይ የአመልካቹ ስም ብቻ የለም፤ አገር ቤት የቀሩት ወንድሞች ስም፣ የደበቀው ጎረቤት፣ ያሳከመው ሐኪም፣ የታሰረበት ጣቢያ አለ። ላፕቶፑ ሲያረጅ ደግሞ ዲያስፖራው የሚያውቀው አንድ ደግ ልማድ አለ፤ ለትውልድ መንደር ትምህርት ቤት መላክ። መንግሥት በደንብ አስሮ የጠበቀው ታሪክ በበጎ ሥራ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ወደተሸሸበት ቦታ ይጓዛል። ባለ ላፕቶፑ ምንም አያጣ ይሆናል፤ የሚያጣው ስሙ በውስጡ ያለው ነው።

ይህ በሌላ አገር የታየ ነው። በ2009 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ባዘጋጁት ዘገባ ከጋና ገበያ ጥቂት ዲስኮችን በርካሽ ገዝተው ሲመረምሩ በአንዱ ውስጥ የጦር መሣሪያ አምራቹ የኖርዝሮፕ ግሩማን የኮንትራት ሰነዶች ተገኙ። በ2010 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያገለገሉ የፎቶ ኮፒ ማሽኖችን ገዝቶ በውስጣቸው ባለው ዲስክ የሕክምና መዝገቦች እንዳሉ አሳየ፤ በዚህ ሳቢያ አፊኒቲ ሄልዝ ፕላን የተባለ የኒው ዮርክ የጤና መድን ድርጅት በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ፎቶ ኮፒ ማሽን ዲስክ እንዳለው የሚያውቅ የእድር ሰብሳቢ ስንት ይሆን?

የተቀመጠ ስም በኢትዮጵያ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ደርግ የእስርና የግድያ ትእዛዙን በጥንቃቄ እየጻፈ ያስቀምጥ ስለነበር ከ1991 በኋላ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በአብዛኛው ያቆመው በዚያው በመንግሥቱ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ለፍትሕ ጠቀመ። ከዚያ በፊት ግን ያው የስም ዝርዝር በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ለሌላ ሥራ ውሏል። ሁሉንም ማጥፋት ይገባል የሚል ሰው ይህንን ማሰብ አለበት፤ መዝገብ ማጥፋት የበዳይም ምኞት ነው። ልዩነቱ ያለው በባለቤትነት ላይ ነው። የመንግሥት መዝገብ ወደ ቤተ መዛግብት ይገባል፤ የስደተኛው ማመልከቻ ግን የማኅበሩ ጸሐፊ ንብረት አይደለም፣ ከዲስኩም ጋር የሚሰጥ አይደለም።

ዛሬ በአዲስ አበባ አሮጌ ኮምፒውተር ሲሞት በቆራሌው ትከሻ ከቤት ይወጣል፤ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ይበተናል፣ የሚሠራው ክፍል ተለይቶ ይሸጣል። ብራናን ፍቆ ያስተላለፈ ሕዝብ ዕቃን አያባክንም፤ የአገሪቱ የጥገና ባለሙያዎች ሙያ የሚደነቅ ነው። የሚሠራ ዲስክ ግን በዚያ ገበያ ከነይዘቱ ይሸጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ያወጣው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 ትኩረቱ በዕቃው አወጋገድ ላይ ነው፤ በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በመረጃው ላይ። አንዱ ስለ ብረቱ፣ ሌላው ስለ ስሙ ይናገራል። ሁለቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ተጣብቀው በቆራሌው ትከሻ ላይ ሲያልፉ ማን ኃላፊ እንደሆነ መመሪያ ያስፈልገዋል። በፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራና የዓይን ምስል የሚመዘግቡ ማሽኖችም አንድ ቀን ያረጃሉና መመሪያው የመዝገቡን ያህል አጣዳፊ ነው።

በአዋጁ መሠረት ተቆጣጣሪ የሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከሴንት ፖል ልምድ የሚወስደው ካለ መፍጫ ማሽኑን ሳይሆን ወረቀቱን ቢወስድ ይሻላል። መፍጨት ውድ ነው፣ የሚሠራ ዕቃም ያጠፋል። በአንጻሩ አንድ ዙር መጻፍ፣ ከዚያ በዕጣ ከተመረጡ ዲስኮች ላይ የሌላ ክፍል ሠራተኛ መረጃ ለመመለስ እንዲሞክር ማድረግና ውጤቱን ከመለያ ቁጥሩ ጋር መመዝገብ ኤሌክትሪክና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ለኤስኤስዲ ቁልፉን መደምሰስ ይጨመርበታል፤ ማጽዳቱ ያልተሳካለት ዲስክ ይሰባበራል። ዕርዳታ ተቀባዩ ትምህርት ቤትም ወረቀቱን ከላኪው መጠየቅ ይችላል፤ ላኪው እንዲሠራው የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ብዙውን ጊዜ ስለማይኖር ከሁሉ የቀረበው አስገዳጅ ተቀባዩ ነው። በሚኒያፖሊስ ያለው ማኅበር በበኩሉ ዓመታዊ ስብሰባውን ሲያደርግ የሒሳብ መርማሪ ይመርጣል። ለአሮጌዎቹ ላፕቶፖችና ለተከራየው ፎቶ ኮፒ ማሽን ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቃለ ጉባኤ ሊመርጥ ይችላል።